ስሪላንካን በባቡር፦ የካንዲ–ኤላ ትኬት አልቋል ብለሽ ጉዞውን እንዳትሰርዢ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ዱባይ የምትሰራ እህታችን የካቲት መጨረሻ ላይ የ10 ቀን ፈቃድ አላት፣ እናቷን ከአዲስ አበባ አስመጥታ ስሪላንካ ልትወስዳቸው አስባለች። እናትየው ድሬዳዋ ነው ያደጉት፣ አባታቸው የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበሩ፣ የባቡር ወሬ ሲነሳ ፊታቸው ይበራል ትላለች። 63 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾም ላይም ይሆናሉ። ከካንዲ ከተማ ተራራው ላይ ወዳለችው ኤላ የሚሄደው ዝነኛው ባቡር ትኬቱ አልቋል፣ አንድ ደላላ ደግሞ በሶስት እጥፍ ላምጣልሽ ብሏታል። ልግዛ ወይስ ልተወው፣ ደሞስ አገሩን በባቡር ብቻ ማየት ይቻላል ወይ ነው የምትለው።

እህቴ፣ አትግዢ። ይሄን መጀመሪያ ልበልሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ፣ እኔ ከባህረ ሰላጤው አገሮች ወደ ስሪላንካ ሰው በመላክ ስራ ላይ 9 ዓመት ሆኖኛል፣ መስመሩንም ራሴ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ ስለዚ የምነግርሽ ቆሜም ተቀምጬም ያየሁትን ነው።

የስሪላንካ ባቡር ሪዘርቭ የሚደረገው ከጉዞው 30 ቀን በፊት ጀምሮ ነው፣ ቦታ ሲያዝም የፓስፖርት ቁጥር ይመዘገባል። ደላላ የሚሸጥልሽ እንግዲህ በሌላ ሰው ስም የተያዘ ወንበር ነው ማለት ነው። ስራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አራት ሰው ላለው ቤተሰብ እንደዚ አይነት ትኬት ገዝቼ ነበር፣ ካንዲ ላይ ሲገቡ ሁለቱ ወንበሮች ላይ ትክክለኛ ትኬት የያዙ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ እናትየው የሶስት ዓመት ልጅ አቅፋ ከአራት ሰዓት በላይ ቆማ ሄደች። እስካሁን ሲነሳ ያመኛል። ከዛ ወዲህ ለማንም ከደላላ ገዝቼ አላውቅም።

ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ትኬቱ በትክክለኛ ዋጋ፣ በስምሽ ቢገኝ እንኳን ከካንዲ ኤላ በአንዴ መሄድን ለእናትሽ አልመክርም ነበር። ስድስት ሰባት ሰዓት ነው፣ አንዳንዴም ይዘገያል። ሰው ሁሉ ስለዚ ጉዞ የሚያወራው መጀመሪያ ስላሉት ሶስት አራት ሰዓታት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለውን ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ደክሞት ነው የሚያልፈው፣ የሚያሳዝነው ደሞ በጣም የሚያምረው እሱ በድካም የሚያልፈው ክፍል ነው። ስለዚ እኔ ለሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ባቡሩን ሳይሆን መስመሩን ያዙ። መስመሩ ላይ በስም የማይታወቁ፣ ቱሪስት የማይሻማባቸው ባቡሮች አሉ፣ ተራራው ግን ያው ነው፣ ሀዲዱም ያው ነው፣ መስኮቱም ይከፈታል።

መስመሩን ከስሩ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ይሄን ሳታውቂ እቅድ ማውጣት አትችይም። ዋናው መስመር ፎርት ከሚባለው የኮሎምቦ ጣቢያ ተነስቶ ባዱላ የሚባል ከተማ ላይ ያልቃል፣ ወደ 290 ኪሎሜትር ነው። እንግሊዞች ናቸው የሰሩት፣ የመጀመሪያው ባቡር በ1864 ዲሴምበር ከኮሎምቦ አምቤፑሳ ሄደ፣ በ1867 ካንዲ ደረሰ፣ በ1885 ናኑኦያ፣ በ1894 ባንዳራዌላ፣ ባዱላ የደረሰው ግን በ1924 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 60 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ተራራውን ስታዪው ለምን እንደዛ እንደፈጀ ይገባሻል።

ለምን እንደተሰራ ደግሞ ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ሁሉም የሻይ ባቡር ነው የሚለው፣ ግን ባቡሩ የተሰራው ለቡና ነው። የኛው ቡና፣ አረቢካ፣ ብዙ አገር ዞሮ እዛ ደርሶ ያ ተራራ ሁሉ ቡና ነበር፣ ከተራራው በበሬ ጋሪ አውርዶ ወደብ ማድረስ ስላስቸገራቸው ነው ሀዲድ የዘረጉት። ባቡሩ ካንዲ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1869፣ የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ገባና በሃያ ዓመት ውስጥ ቡናውን ጠራርጎ ጨረሰው። ጄምስ ቴይለር የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1867 ሉለኮንደራ በሚባል ቦታ ሻይ መትከል ጀምሮ ነበር፣ ቡናው ሲሞት ገበሬው ሁሉ ወደ ሻይ ዞረ። አሁን በመስኮት የምታዩት አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስለው ነገር ቡና የሞተበት መሬት ነው። እኔ ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ተራራ በድሮው አይን ማየት አልቻልኩም።

ወደ እቅዱ ልምጣ።

ስትደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው ካቱናያኬ ነው፣ ከኮሎምቦ ይልቅ ለነጎምቦ ይቀርባል፣ እናትሽ ከረጅም በረራ ስለሚመጡ የመጀመሪያውን ሌሊት ነጎምቦ እደሩ። በነገራችን ላይ ከፍታ ያስቸግራቸው ይሆን ብለሽ አትስጊ፣ መስመሩ ላይ ከፍተኛው ቦታ ፓቲፖላ 1,898 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከሱ በላይ ናት። የሚያስቸግራቸው የኮሎምቦ ወበቅ ነው፣ እሱን ደግሞ አንቺ ዱባይ ለምደሽዋል፣ እሳቸው ግን አልለመዱትም፣ እና ኮሎምቦ ውስጥ በቀትር ብዙ አታዙሪያቸው።

በማግስቱ ከፎርት ወደ ካንዲ በባቡር ሂዱ። ለዚህ ቀን ትኬት ማግኘት ቀላል ነው፣ ወደ ካንዲ ብዙ ባቡር አለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሶስት ሰዓት ነው። ወደ ካንዲ ስትሄዱ ቀኝ እጅ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያው ሜዳ ነው፣ የሩዝ ማሳ፣ ኮኮናት፣ ጎሽ፣ ልጆች እጃቸውን የሚያወዛውዙበት፣ ከዛ ራምቡካና የሚባል ጣቢያ ላይ ነገሩ ይቀየራል። ከዛ በኋላ ሀዲዱ በየ44 ሜትሩ 1 ሜትር እየወጣ ካዱጋናዋ ድረስ ይወጣል፣ ለባቡር ይሄ በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ባቡሩ ሲያቃስት በወንበሩ በኩል ይሰማሻል። በቀኝ በኩል ሸለቆው ይከፈታል፣ ከሩቅ እንደ ጠረጴዛ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ አለ፣ እንግሊዞቹ ባይብል ሮክ ይሉታል። ብዙ ቱሪስት ይሄን ክፍል እንደ ትራንስፖርት ብቻ ነው የሚያየው፣ ትልቁ ነገር ከካንዲ በኋላ ነው ብሎ ስልኩ ላይ ነው የሚሄደው፣ ትልቅ ስህተት ነው። ካዱጋናዋ ላይ ደሞ የባቡር ሙዚየም አለ፣ የባቡሩ 150ኛ ዓመት ሲከበር በ2014 ነው የተከፈተው፣ ድሮ የሚሰሩበት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሁሉ አለ፣ ከካንዲ በታክሲ ቅርብ ነው፣ የምድር ባቡር ሰራተኛ ልጅ የሆነ ሰው ይሄን ማየት አለበት።

ስለ ሀዲዱ ስፋት እናትሽ ራሳቸው ያስተውሉት ይሆናል። የድሮው የኛ ሀዲድ 1 ሜትር ነበር ስፋቱ፣ የስሪላንካው 1,676 ሚሊሜትር ነው። ያን የሚያህል ሰፊ ሀዲድ በዛ ጠባብ ተራራ ላይ ስለሆነ ነው ባቡሩ ኩርባው ላይ በጣም ቀስ የሚለው፣ አንዳንድ ቦታ ሮጦ የሚደርስበት ሰው አለ። ቀርፋፋ ነው ብሎ የሚያማርር አለ፣ እኔ ግን ቀስ ባይል ኖሮ ምኑን እናየው ነበር እላለሁ።

ካንዲ ሁለት ሌሊት ይበቃል። የቡድሃ ጥርስ አለበት የሚባለው ቤተ መቅደስ እና የፔራዴኒያው እፅዋት መናፈሻ አሉ፣ መናፈሻው ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት ጥሩ ነው፣ ቤተ መቅደሱ ግን ደረጃ አለው፣ ጫማም ይወለቃል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዢ፣ ምክንያቱም በጣም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካንዲ ጣቢያ ከዋናው መስመር ወጣ ብሎ ነው ያለው፣ ከፔራዴኒያ ነው የሚገነጠለው፣ ስለዚ ከኮሎምቦ መጥቶ በካንዲ በኩል ወደ ባዱላ የሚቀጥል ባቡር ካንዲ ገብቶ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። ቀኝ የነበረው ግራ ይሆናል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ጀርባውን ይሰጣል። አንዳንዱ ባቡር ደግሞ ካንዲ ጨርሶ አይገባም፣ ፔራዴኒያ ላይ ብቻ ይቆማል፣ ትኬትሽ ላይ የትኛው ጣቢያ እንደተፃፈ አስተውዪ።

ከካንዲ ወደ ላይ ያለውን አሁን በባቡር አትሞክሪ። ሪዘርቭ ያልሆነ ትኬት በእለቱ ጣቢያው ላይ ይሸጣል፣ ቁጥር የለውም፣ በጣም ርካሽ ነው፣ አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ በይ ሂጂ እልሽ ነበር፣ ግን ባቡሩ ካንዲ ሲደርስ ሞልቶ ነው የሚመጣው፣ የታመመ ጉልበት ይዞ አራት ሰዓት መቆም አይሆንም። መኪና ተከራዩና በራምቦዳ በኩል ወደ ኑዋራኤሊያ ውጡ፣ ሶስት ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱ ላይ ፏፏቴ አለ፣ የሻይ ፋብሪካ ገብታችሁ ቅጠሉ እንዴት እንደሚጠወልግ፣ እንደሚፈጭ፣ እንደሚደርቅ ታያላችሁ። የሚያመልጥሽ ነገር አለ፣ አልዋሽሽም፣ በሃተንና በታላዋኬሌ መሃል ባቡሩ የሴንት ክሌርን ፏፏቴ እያሳየ ነው የሚያልፈው፣ እሱ ይቀራል። ግን በምትኩ እናትሽ ሳይደክሙ ዋናው ቦታ ይደርሳሉ።

ዋናው ቦታ ማለት ከናኑኦያ ሃፑታሌ ያለው ነው። ናኑኦያ ለኑዋራኤሊያ የሚያገለግለው ጣቢያ ነው፣ ከከተማው በባጃጅ ይደረሳል (አዎ ባጃጅ፣ እነሱ ቱክቱክ ወይ ትሪዊል ይሉታል እንጂ ያው የኛው ነው)። ከዛ እስከ ሃፑታሌ ሁለት ሰዓት አይሞላም ወይ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ወንበር ብታገኚ ጥሩ፣ ባታገኚም ለሁለት ሰዓት ለእናትሽ የሚነሳላቸው ሰው አይጠፋም፣ የስሪላንካ ሰው ለትልቅ ሰው ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ባቡሩ ከናኑኦያ እንደወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሻዩ ያልቅና የግጦሽ መስክ ይመጣል፣ አምቤዌላ ነው፣ የወተት ላሞች የሚረቡበት፣ ደገኛ ሰው ይሄን ሲያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል። ከዛ ባህር ዛፍ ይመጣል። አዎ ባህር ዛፍ፣ በሁለቱም በኩል፣ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሽታው ይገባል፣ አብረውኝ ከሄዱት ሰዎች ውስጥ እንጦጦን ያላነሳ አንድም ሰው አላስታውስም። ፓቲፖላ ትደርሳላችሁ፣ በዚህ ስፋት ካለው ሀዲድ በአለም ላይ ከፍተኛው ጣቢያ ነው ተብሎ የሚታወቀው ይሄ ነው። ከፓቲፖላ ትንሽ እንደሄዳችሁ ዋሻ አለ። ይሄን ዋሻ በቁም ነገር ጠብቁት፣ ምክንያቱም ተራራው የአገሩን አየር ለሁለት የሚከፍልበት ቦታ ነው፣ በአንዱ በኩል ጭጋግና ካፊያ ሆኖ ገብታችሁ በሌላው በኩል ፀሐይ ላይ ልትወጡ ትችላላችሁ፣ ወይም ተገላቢጦሹ። በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚመጣው ዝናብ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፣ ተራራው ያግደዋል፣ ከዛኛው በኩል ያለው ኡቫ የሚባለው አውራጃ ደረቅ ይሆናል። እናንተ በምትሄዱበት ሰሞን ግን በሁለቱም በኩል ደህና ነው፣ ጊዜውን በደንብ ነው የመረጥሽው።

ከዋሻው በኋላ ኦሂያ፣ ከዛ ኢዳልጋሺና። ኢዳልጋሺና ትንሽ ጣቢያ ናት፣ የተራራ ጀርባ ላይ ነው የተሰራችው፣ በግራም በቀኝም መሬቱ ወደ ታች ይሄዳል፣ ሰማይ ላይ የቆምሽ ይመስልሻል። የጣቢያ ሰራተኞቹ አበባ በማሰሮ ተክለው ያሳድጋሉ፣ ሁሉም ጣቢያ ላይ እንደዛ ነው። እኔ በሙሉ መስመሩ አንድ ደቂቃ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ባቡሩ እዛ ሲቆም ያለውን ዝምታ ነው።

ሃፑታሌ ውረዱና ሁለት ወይ ሶስት ሌሊት እደሩ። ሰው ሁሉ ኤላ ነው የሚያድረው፣ ኤላ አሁን ካፌና ሙዚቃ ሆናለች፣ ለወጣት ጥሩ ናት፣ ሃፑታሌ ግን ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ሀዲዱ በገበያው አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ ሰዉ ዘንቢሉን ይዞ ሀዲዱን እንደ እግረኛ መንገድ ይሄድበታል። ጠዋት በማለዳ ባጃጅ ይዛችሁ ሊፕተንስ ሲት ውጡ፣ ቶማስ ሊፕተን የሻይ እርሻውን ቁጭ ብሎ ያይበት ነበር የሚባለው ቦታ ነው፣ ባጃጁ ከላይ ድረስ ስለሚያወጣ ጉልበት አያስፈልገውም፣ ግን በጠዋት ካልሆነ ጭጋጉ ይሸፍነዋል። አዲሻም የሚባል የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳምም አለ፣ መነኮሳቱ ራሳቸው የሚሰሩትን ማርማላታ ይሸጣሉ፣ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ነው ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው።

አሁን ኤላ አጠገብ ያለው ዝነኛው ባለ ዘጠኝ ቅስት የባቡር ድልድይስ፣ ኤላስ ትይኝ ይሆናል። ትኬት አልቋል የሚባለውን ነገር የምንፈታው እዚህ ላይ ነው። ባዱላ የመስመሩ መጨረሻ ነው ብዬሻለሁ፣ መጨረሻ ማለት ለተመላሹ ባቡር መነሻ ማለት ነው። ከሃፑታሌ ጠዋት በመኪና ባዱላ ውረዱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እዛ ሪዘርቭ ያልሆነ ሁለተኛ ክላስ ትኬት ግዙና ባቡሩ ከመነሳቱ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ባቡሩ ከዛ ስለሚነሳ ባዶ ነው፣ የፈለጋችሁትን መስኮት ትመርጣላችሁ። ኤላ ላይ ቱሪስቱ ሲጋፋ እናትሽ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

ከባዱላ ሲወጣ ደሞዳራ ጋ የሚደረገው ነገር በጣም የሚገርም ነው። ተራራው ቀጥ ስላለ ባቡሩን ቀጥታ ማውጣት አልቻሉም፣ ስለዚ ሀዲዱን አዙረውታል፣ ባቡሩ መጀመሪያ በዋሻ ውስጥ በደሞዳራ ጣቢያ ስር ያልፋል፣ ተራራውን ይዞራል፣ ከዛ ቅድም ከስሩ ያለፈበት ጣቢያ ላይ መጥቶ ይቆማል። አካባቢው ሰው ሲያወራ መሀንዲሱ መላው ጠፍቶት ሳለ አንድ የሻይ እርሻ ካቦ ጥምጣሙን ፈቶ እንደገና ሲጠመጥም አይቶ ነው ሀሳቡ የመጣለት ይላሉ። ጣቢያው ላይ ስትቆሙ ወደ ታች እዩ፣ የመጣችሁበት ሀዲድ ከስራችሁ ነው።

ከደሞዳራ ቀጥሎ ድልድዩ ይመጣል፣ በ1921 ነው ያለቀው፣ 91 ሜትር ርዝመት፣ 24 ሜትር ከፍታ፣ ድንጋይ፣ ጡብና ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ ብረት የለበትም። ብረቱ ለአንደኛው የአለም ጦርነት ስለተወሰደ ነው ይባላል። በባቡር ላይ ሆናችሁ ድልድዩን በሙሉ አታዩትም፣ ኩርባ ላይ ስለሆነ ግን ከኋለኛው ፉርጎ መስኮት የፊተኛው ክፍል ሲዞር ይታያል፣ ስለዚ ወደ ኋላ ተቀመጡ። ከውጭ ለማየት ከኤላ በባጃጅ ከላይ ያለው ማያ ቦታ ይደረሳል፣ ታች ድረስ የሚወስደውን ቁልቁለት ግን ለጉልበታቸው ብለሽ ተዪው። ከዛ ኤላ፣ ባንዳራዌላ፣ ዲያታላዋ እያለ ሃፑታሌ ይመልሳችኋል። ሰው በሶስት እጥፍ ዋጋ ሊገዛው የሚሯሯጥበትን ክፍል በሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ተቀምጣችሁ፣ በትንሽ ብር አያችሁት ማለት ነው።

ክላስን በተመለከተ፣ አንደኛ ክላስ ኤሲ ይሻላል ብለሽ እንዳትገዢ። መስኮቱ አይከፈትም። ደጋው ላይ ኤሲ ምን ይሰራል፣ በመስታወት ፎቶ አይወጣም፣ ሽታም ድምፅም የለም። ሁለተኛ ክላስ በቂ ነው፣ ሶስተኛም አያስፈራም። ከፉርጎው ወደ ፕላትፎርሙ ያለው ደረጃ ከፍ ስለሚል እጃቸውን ያዢ፣ ፎርት ጣቢያ ላይ ደግሞ ፕላትፎርም ለመቀየር በደረጃ ድልድይ መሻገር አለ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሽንት ቤቱ ሁሌ ንፁህ አይደለም፣ ሶፍትና ውሃ ያዙ። ሻንጣ ትልቅ አታድርጊ፣ ማስቀመጫው ከላይ ነው።

በር ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ የመነሳቱን ነገር ግን እለምንሻለሁ። በሩ ክፍት ነው የሚሄደው፣ ከልካይም ላይኖር ይችላል፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ ግን ዋሻውና ድንጋዩ ከፉርጎው ጋር በክንድ ርቀት ነው ያለው፣ ምሰሶውም እንደዛው፣ በዚህ ምክንያት የሞቱ ጎብኚዎች አሉ። በሩ ላይ ቁጭ ማለት ከፈለግሽ እግርሽን አስገብተሽ፣ እጀታውን ይዘሽ፣ ዋሻ ሲመጣ ተነስተሽ ግቢ።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ፣ ስሪላንካ ለጿሚ ምቹ አገር ናት፣ ወጡ በኮኮናት ወተት ነው የሚሰራው። ፓሪፑ የሚሉት ቀይ ምስር አለ፣ ያልበሰለ ጃክፍሩት ወጥ አለ፣ ቅጠላ ቅጠል አለ። ባቡር ውስጥ የሚዞሩት ሻጮች ወዴ ይሸጣሉ፣ የተጠበሰ ነገር ነው፣ ፓሪፑ ወዴ የምስር ነው ይበላል፣ ኢሶ ወዴ ግን ከላዩ ሽሪምፕ አለበት። የሚያታልለው ነገር ኡምባላካዳ ነው፣ የደረቀ አሳ ነው፣ ተፈጭቶ ኮኮናት ሳምቦል ውስጥና አንዳንድ የአትክልት ወጥ ውስጥ ይገባል፣ አይታይም፣ ስለዚ ኡምባላካዳ አለበት ወይ ብለሽ በስሙ ጠይቂ፣ ይገባቸዋል። ሻይ ስታዢ ፕሌን ቲ በይ፣ ያለ ወተት ያመጡልሻል።

የካቲት መጨረሻ የሚፈራው ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን ነው፣ ፖያ ይሉታል፣ በየወሩ የህዝብ በዓል ነው፣ ባቡሩ ይጨናነቃል፣ በተለይ በሃተን በኩል ወደ ስሪ ፓዳ ተራራ የሚሄደው ተሳላሚ ብዙ ነው። ቀኑን አይተሽ በዛ እለት ከባቡር ራቁ። ሌላው ደሞ የመሬት መንሸራተት ነው፣ በ2025 መጨረሻ ዲትዋ የሚባለው አውሎ ነፋስ ተራራው ላይ ያለውን ሀዲድ ክፉኛ ነው የጎዳው፣ ስለዚ ሆቴል ከመክፈልሽ በፊት የትኛው ክፍል ላይ ባቡር እየሄደ እንደሆነ የምታርፉበትን ቤት ባለቤት ደውለሽ ጠይቂ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ባቡሩ በደጃቸው ነው የሚያልፈው።

በባቡር ብቻ አገሩን ማየት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ አይቻልም። ካርታ ላይ ስታዪው ባዱላ ለደቡቡ ባህር የቀረበ ይመስላል፣ ግን ሀዲድ አያገናኘውም። ከሃፑታሌ ወደ ጋሌ በመኪና ነው፣ አራት አምስት ሰዓት ያዢለት። ሰሜኑን፣ ጃፍናን፣ ለዚህ ጉዞ ተዪው፣ ቀኑ አይበቃም፣ ያም ግን ትልቅ ታሪክ ያለው መስመር ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ሀዲዱ እንዳለ ጠፍቶ ባቡር ጃፍና እንደገና የገባው በ2014 ነው።

ጋሌ አንድ ሁለት ሌሊት፣ ከዛ የመጨረሻው ባቡር በባህሩ ዳር ወደ ኮሎምቦ። ወደ ሰሜን ስለምትሄዱ ባህሩ በግራ ነው። ባቡሩ ከማታራ የሚመጣ ከሆነ ጋሌ ላይም እንደ ካንዲ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚወጣው፣ እናንተ ግን ከጋሌ ስለምትሳፈሩ ከወጣ በኋላ ያለውን ብቻ አስቡ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ኮሎምቦ ስትቃረቡ ማውንት ላቪኒያን ካለፋችሁ በኋላ ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ ከሀዲዱ አጠገብ ነው፣ ፀሐይዋ በዛ በኩል ትገባለች። ቅዳሜ ወይ እሁድ ቢሆን ይመረጣል፣ በስራ ቀን የቢሮ ሰው ሲገባና ሲወጣ መቆሚያ የለም።

ከሂካዱዋ እንዳለፋችሁ ፔራሊያ የምትባል መንደር አለች። በዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱናሚው ሲመጣ ከኮሎምቦ ይመጣ የነበረ ባቡር እዛ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ የመንደሩ ሰው ባቡሩ ከባድ ነው ያድነናል ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከኋላው ተጠለለ፣ ቀጥሎ የመጣው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ከ1,700 በላይ ሰው ሞተ፣ በአለም ላይ በባቡር አደጋ እንደዛ ያለ ቁጥር የለም። ሎኮሞቲቩ በ1950ዎቹ ካናዳ ከሰጠቻቸው አንዱ ነው፣ በካናዳ ግዛቶች ስም ነበር የተሰየሙት፣ የሱ ስም ማኒቶባ ነው። ጠግነው ወደ ስራ መለሱት። አብሯችሁ የተቀመጠ የአገሩ ሰው እዛ ጋ ሲደርስ ዝም ካለ ዝም በሉ፣ የሞተበት ሰው ይኖረዋል።

የኑዋራኤሊያ ሌሊት በዛ ሰሞን ይበርዳል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ለእናትሽ ጋቢያቸውን ይያዙ በያቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ተራራው ላይ ሀዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ የሚጠቀሙት ዘዴ የድሮው ነው። ነጂው ትልቅ ቀለበት ላይ የታሰረ ብረት ካልያዘ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ መሄድ አይፈቀድለትም፣ ብረቱ ለዛ ክፍል አንድ ብቻ ነው የሚወጣው። ባቡሩ ሲደርስ ያለፈበትን ክፍል ብረት ለጣቢያው ሰው ያስረክባል፣ የሚቀጥለውን ይቀበላል። ሃፑታሌ ላይ ባቡሩ ከመምጣቱ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና እናትሽን ሎኮሞቲቩ በሚቆምበት ጫፍ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጫቸው፣ ቀለበቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይዩት። አባታቸው ስለ ስራቸው ያወሯቸው የነበረ ነገር ካለ እዛ ላይ ትዝ ሊላቸው ይችላል፣ ስልክሽን አዘጋጅተሽ የሚሉትን ቅጂው።